ፍሬሽማን በቤይሩት

ፉርን ኤል ሸባክ ከቤይሩት ደቡብ ምሥራቅ፣ በድሮው የደማስቆ መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። «ፉርን» ዳቦ መጋገሪያ፣ «ሸባክ» መስኮት ማለት ነው፤ «ፉርኖ ዱቄት» ለምንል ለእኛ የመጀመሪያው ቃል እንግዳ አይደለም።

በስኮላርሺፕ የመጣች አንዲት እህታችን እዚህ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ስንተዋወቅ የጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት ጨርሼ ለምን አንድ ዓመት ወደ ኋላ መለሱኝ?» ብላ ነው።

ወደ ኋላ አልመለሷትም። የሊባኖሶች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ባካሎሪያ ይባላል። እሱን ያለፈ ልጅ፣ የአሜሪካን ሥርዓት በሚከተሉት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ «ሶፎሞር» ተብሎ ሁለተኛ ዓመት ይገባል፤ የሳይንስ ወይም የአርት ዲግሪውን በ3 ዓመት ይጨርሳል። የሌላ አገር ማስረጃ የያዘ ግን ብዙውን ጊዜ 30 ክሬዲት ሰዓት ፍሬሽማን ይማራል። አገራችን በ2012 ዓ.ም. የመለሰችው ፍሬሽማን የሁሉም ተማሪ ነው፤ ይሄኛው የመጤው ነው። ሪሚዲያልም አይደለም፤ ሪሚዲያል ማለፊያ ነጥብ ላልመጣለት ነው።

ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ ማሰናዳት ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ1866 እ.ኤ.አ. በ16 ተማሪዎች ተከፈተ። በ1936 እ.ኤ.አ. ኢንተርናሽናል ኮሌጅ ከኢዝሚር ተነሥቶ ቤይሩት ገባና የዩኒቨርሲቲው መሰናዶ ትምህርት ቤት ሆነ።

ለመመዝገቢያ የሚያስፈልገውን ወረቀት ነገር ባጭሩ ልበል። ማስረጃው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ፤ ቀኑም ይታይ። «ሰኔ 2014» በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ፣ እ.ኤ.አ. 2022 መሆኑን የማያውቅ ጸሐፊ ተማሪዋን በልጅነቷ አሥራ ሁለተኛን ያስጨርሳታል።

ከትምህርቱ የከበዳት ግን ጽሑፍ መጻፉ ነው። እኛ ያደግነው የሰሌዳውን ገልብጠን ነው፤ ብሔራዊ ፈተናችንም ምርጫ ነው። እሷ በሦስተኛው ሳምንት ስለ ሊባኖስ መብራት ሦስት ገጽ እንድትጽፍ ታዘዘች። ጉዳዩን ታውቀዋለች፤ የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የምታጠናው ከሰፈሩ ጄኔሬተር በወር ክፍያ በምታገኘው 5 አምፔር ነው። ወረቀቷ ሲመለስ ግን ዳርና ዳሩ በቀይ ተሞልቷል፦ «ይህን ማን አለ?» አምስት ቦታ። ካነበበችው ላይ ዓረፍተ ነገሮችን እንዳሉ ወስዳ ነበር። እንደ ሌባ የተቆጠረች መስሏት አለቀሰች። ልጅቷ አልሰረቀችም፤ ያስተማራት አልነበረም።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን። አንድ አንቀጽ ታነባለች፣ መጽሐፉን ትከድናለች፣ ያነበበችውን በአማርኛ ትነግረኛለች። ካልገባኝ አልገባትም፤ ተመልሳ ታነባለች። ከዚያ በራሷ እንግሊዝኛ ትጽፈውና ደራሲውን፣ ዓመቱንና ገጹን ታስገባለች። በዓይኗ ያየችውንም የራሷ ምልከታ መሆኑን ገልጻ ትጽፋለች።

እሑድ ስንሠራ ከጎረቤት አንዲት ሴት ትቀላቀለናለች። ሰው ቤት ዓመታት ሠርታለች፤ «ሹ በድክ» (ምን ትፈልጊያለሽ) ብሎ ለጠየቃት ሁሉ ትመልሳለች፤ የመጽሐፍ ዐረብኛ ያንኑ «ማዛ ቱሪዲን» ሲላት ግን ግራ ይገባታል። እሷም መማር ትፈልጋለች። በከፋላ (የአሠሪ ዋስትና) ሥርዓት ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ከአሠሪዋ ጋር ስለታሰረ ግን ተማሪ ልሁን ብላ መነሣት አትችልም። ይህ ያንገበግበኛል።

ባለፈው እሑድ ተማሪዋ ስለ ጄኔሬተር ያነበበችውን ስታስረዳን፣ ሴትየዋ አቋረጠቻትና «ይህን ማን አለ?» አለቻት። ልጅቷ ገጹን ገልጣ ስሙን አሳየቻት።