ወደ ጫሞ ለሚወርድ ቤተሰብ የሚታመን ያገለገለ መኪና

ቤተሰቡን አሳፍሮ፣ ድንኳኑንና ስንቁን በተጎታች አስከትሎ ወደ ጫሞ ሐይቅና ወደ ነጭ ሣር ፓርክ ለመውረድ የሚያስብ ሰው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው ይበልጡን በአገር ውስጥ ባገለገሉት ላይ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ንዋዩን ከማፍሰሱ በፊት አጥብቆ ሊመረምር ይገባዋል።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የቀድሞው ላንድ ክሩዘር ነው፤ ይህም ስለ ስሙ ክብር ሳይሆን፣ 4.2 ሊትር ይዘት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተሩ ረቂቅ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለማይበዛበት፣ ከከተማ ርቆ ቢቆም እንኳ ተራ መካኒክ ሊጠግነው ስለሚችል ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ነገር ነውና፣ ገዢው እርሱን ትቶ ሻንሲውን እማኝ ያድርግ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱን ካረጋገጠ በኋላ ከሥር ገብቶ፣ የተጎታቹ መንጠቆ የታሠረበት ስፍራ ዝገት ወይም አዲስ ብየዳ እንዳለበት በእጁ እየዳሰሰ ይመልከት፤ ቀለም የሸሸገው ስንጥቅ የሚገኘው በዚያ ነውና።

ፍጹሙ ፈተና ግን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚነሣው ዳገት ነው፤ ሰው ሞልቶ ሲወጣ የሙቀቱ መርፌ ከመካከል ካለፈ፣ ወይም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ሲከፈት በውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ቴስታው ታውኮ ሊሆን ይችላልና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል። በቁልቁለቱ ደግሞ የራሱ ፍሬን የሌለውን ከባድ ተጎታች ማውረድ የልጆችን ነፍስ ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ስለ ሆነ፣ ጀልባ የሚሻ ሰው ከቤቱ ጎትቶ ከሚያመጣ ይልቅ በጫሞ ዳር ቢከራይ ይመረጣል።