ዕድሜና ጾታ የጤነኛን ሰው ልብ ሥራ እንደምን እንደሚለውጡ

ከቡታጅራ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በማረቆዋ በቆሼ ከተማ፥ በበርበሬ ገበያ ቀን ብዙ ሸክም ይታያል። ሽማግሌው ጆንያውን ጥቂት ተሸክሞ ሲያርፍ ጐልማሳው ሳያርፍ ያልፈዋል፤ ያየውም ሰው «ሽማግሌ ልቡ ደካማ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት፥ ግማሹ ስሕተት ነውና፥ ተማሪ ለይቶ ሊያውቀው ይገባል።

ልብ ደምን የሚገፋ ጡንቻ ነው። ባረፈ ጤነኛ ሰው ዘንድ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ በአንድ ምት የሚገፋውም ደም አንድ የቡና ሲኒ የሚያህል፥ ማለት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሳለ፥ በአውራ ጣቱ በኩል ባለው የእጁ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አኑራችሁ ትርታውን ብትቈጥሩ፥ ቍጥሩ ከጐልማሳው እምብዛም አይለይም። ይህን የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ይደነቃል።

ልዩነቱ የሚገለጠው በሥራ ጊዜ ነው። ልብ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ምት በወንድም በሴትም በዕድሜ ይቀንሳል። ሐኪሞች በግምት ሲያሰሉት፥ ከዕድሜው ከ10 ሰባቱን እጅ ወስደው ከ208 ያጐድላሉ፤ በዚህም የ20 ዓመት ሰው 194፥ የ60 ዓመት ሰው 166 ይሆናል። ደግሞም የልብ ግድግዳና የደም ሥሮች እየጠነከሩ መለጠጥን ስለሚያጡ፥ ልብ በሁለት ምት መካከል ደም ለመቀበል ይዘገያል።

የሴት ልብ በመጠኑ ያንሳል፤ የወንድ 300 ግራም፥ የሴት 250 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ጥቂት ምት ጨምሮ ይሠራል። ይህ ግን ድካም አይደለም፤ እንዲያውም ከተቀበለው ደም የሚገፋው ድርሻ ከወንድ ልብ ጥቂት ይበልጣል። በከባድ ሥራ ወንድ የሚበልጠው ልቡ ሰፊ ስለ ሆነና ደሙ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ቀይ ነገር አብዝቶ ስለ ያዘ ነው።

የአገራችን ሯጮች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ፤ ምንም እንኳ ሩጫ የልብ ብቻ ሥራ ባይሆን። ቀነኒሳ በቀለ በ2012 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን በ37 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጠ። በ2016 ዓ.ም. በሎንዶን በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ትእግሥት አሰፋ በዚያው በ2016 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ፥ እስከዚያ ቀን ከሴት ወገን እንዲህ የሮጠ አልነበረም።

እንግዲህ ሽማግሌ በሸክም ጊዜ ቢያርፍ የዕድሜው ነው። ነገር ግን እግሩ ቢያብጥ፥ ጋደም ሲልም ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ይህ እርጅና ሳይሆን ሕመም ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ወጣት ሴት ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከጓደኞችዋ ይልቅ ብታለከልክ «ሴት ናትና» ተብሎ አይታለፍ። በአገራችን የብዙ ወጣቶችን፥ ይልቁንም የሴቶችን፥ የልብ ክዳኖች የሚያበላሸው የሩማቲክ ሕመም በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ቍስል ይነሣል፤ ያም ቍስል በጊዜው በፔኒሲሊን ቢታከም ወደ ልብ አይደርስም።