ያውቁ ኖሯል? የዐባይ ማዶው ብፁዕና የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም

ከወሎዋ መካነ ሰላም ተነሥተው ዐባይን ቢሻገሩ መርጡለ ማርያም ይደርሳሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብላ ያወጀቻቸው አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በዚያው አገር፣ ዲቦ በምትባል መንደር ነው፤ የመነኮሱትም በመርጡለ ማርያም ገዳም። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ቢያጡም የመጻሕፍት ጥማታቸው እስከ ጎንደር፣ ኋላም ከካቶሊኩ ሚስዮናዊ ከአቡነ ያዕቆብ (ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ) ጋር እስከ ሮምና ኢየሩሳሌም አድርሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ሳሉ፣ ከነሰንሰለታቸው ዐረፉ።

የእሳቸውን እምነት የሚከተሉ፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያሉ ካቶሊኮች ዛሬም የሚቀድሱት በግእዝ ሥርዓት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የእሑዶቹ ስም ለወሎ ሰው ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። ትንሣኤም ከኦርቶዶክሱ ጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ሌሊት ጾም ሲፈቱ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

የጾሙ ዓርብ ግን የራሱ መልክ አለው። ምእመናን ተሰብስበው የጌታን የመከራ ጉዞ በ14 ምዕራፍ እያሰቡ፣ በየምዕራፉ እየቆሙና እየተንበረከኩ ይጸልያሉ። ፍኖተ መስቀል ይሉታል።