ሁለት ቍልፍ በአንድ እጅ፤ የባሪንግስ ባንክ አወዳደቅ

ባንክ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚሠራ ቤት ነው። አስቀማጩ ያመጣውን ገንዘብ ለተበዳሪ ይሰጣል፤ ትርፍ በሚታይበት ገበያም ያውለዋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከኪሣራ ሥጋት ፈጽሞ ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚህ የባንክ ሥራ ብልኀት ከአደጋ መሸሽ ሳይሆን፤ የአደጋውን ልክ አስቀድሞ ማወቅና ከአቅም በላይ እንዳይሆን መወሰን ነው። ይህ ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚደርስ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው በለንደን ከተማ የነበረውን የባሪንግስን ባንክ ታሪክ ቢመለከት በቂ ትምህርት ያገኛል።

ባሪንግስ የተቋቋመው በ1762 ዓ. ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1803 አሜሪካ የሉዊዚያናን ግዛት ከፈረንሳይ ስትገዛ ገንዘቡን ካቀረቡት ቤቶች አንዱ ይህ ባንክ ነበር። ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥም ደንበኛው ነበሩ። በ1890 በአርጀንቲና ብድር ምክንያት ሊወድቅ ሲል፤ የእንግሊዝ ባንክ ሌሎቹን ባንኮች አስተባብሮ አዳነው። እንግዲህ ይህን የመሰለውን አንጋፋ ቤት በ1995 የጣለው ጦርነት ወይም የሕዝብ ሽብር አልነበረም። ምክንያቱ ኒክ ሊሰን የተባለ የ28 ዓመት ወጣት ሠራተኛ፤ እርሱንም የሚቈጣጠር ሰው መጥፋቱ ነበር።

ሊሰን በ1992 ወደ ሲንጋፖር ተልኮ በወደፊት ውል ንግድ ተሰማራ። የወደፊት ውል ማለት አንድ ነጋዴ በታኅሣሥ የሚደርሰውን ጤፍ በነሐሴ ዋጋውን ቈርጦ እንደሚዋዋለው ያለ ነው፤ ልዩነቱ የሊሰን ውል በጃፓን አክሲዮኖች ዋጋ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። የታዘዘውም ሥራ ውሉን ከኦሳካና ከሲንጋፖር ገበያዎች በረከሰበት ገዝቶ፤ ወዲያውኑ በተወደደበት እንዲሸጥ ነበር። በአንዱ የሚጐድለው በሌላው ስለሚሞላ፤ ይህ አሠራር ብዙ የሚያሠጋ አይደለም።

ዳሩ ግን አለቆቹ ሁለት ሥራ በአንድ እጅ ሰጡት። ሊሰን በቀን በገበያው ውስጥ ይገዛል ይሸጣል፤ የተገዛውንና የተሸጠውን የሚመዘግበው የሒሳብ ክፍልም በእርሱ ሥር ነበረ። ስለዚህ የደረሰበትን ኪሣራ 88888 የሚል ቍጥር በተሰጠው የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ደበቀ። በ1992 መጨረሻ የተደበቀው ኪሣራ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ በ1993 መጨረሻ 23 ሚሊዮን፤ በ1994 መጨረሻ ደግሞ 208 ሚሊዮን ደረሰ። በዚሁ በ1994 ዓመት ግን ለለንደን የተነገረው 28 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ትርፍ እንደ ተገኘ ነው።

ባንኮች በዚያን ጊዜ አደጋን የሚለኩበት መሣሪያ አልጐደላቸውም። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካው ጄ. ፒ. ሞርጋን ባንክ በ1994 አንድ የአለካክ ዘዴ ለሁሉ ገልጾ ነበር። ይኸውም የገበያውን ያለፈ ውጣ ውረድ መርምሮ፤ «ከ100 ቀን በ95ቱ የአንድ ቀን ኪሣራችን ከዚህ መጠን አያልፍም» የሚል ቍጥር ማውጣት ነው። ዘዴው ጠቃሚ ቢሆንም ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛ፤ በቀሩት 5 ቀኖች ኪሣራው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ አይናገርም። ሁለተኛ፤ የሚለካው በመዝገብ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ መዝገቡ ከዋሸ መለኪያውም ይዋሻል። የሊሰን ሥራ በለንደን ወረቀት ላይ ሲታይ አደጋ የሌለበት ይመስል ነበር። «አደጋ ከሌለበት ሥራ ይህን ያህል ትርፍ ከየት መጣ?» ብሎ አጥብቆ የጠየቀ አለቃ አልተገኘም። በ1994 የባንኩ የውስጥ ተቈጣጣሪዎች ሁለቱ ሥራዎች እንዲለያዩ አሳስበው ነበር፤ ነገር ግን ምክራቸው ሳይፈጸም ቀረ።

ጥር 17 ቀን 1995 በጃፓን የኮቤ ከተማ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአክሲዮን ዋጋም ወረደ። ሊሰን ገበያው ተመልሶ ይነሣል በሚል ተስፋ ውል በውል ላይ ጨመረ፤ ለንደንም የጠየቀውን የመያዣ ገንዘብ ላከለት። በየካቲት መጨረሻ ኪሣራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ይህም ከባንኩ ካፒታል እጅግ የሚበልጥ ነበር። በ1890 የተገኘው ረድኤት በዚህ ጊዜ አልተገኘም፤ ያልተዘጉት ውሎች ገና ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ አይታወቅምና። ባንኩ በየካቲት 26 ወደቀ፤ በመጋቢትም አይ. ኤን. ጂ. የተባለው የሆላንድ ድርጅት ዕዳውን ተረክቦ በ1 ፓውንድ ገዛው። የባሪንግስ አክሲዮን ባለቤት የነበረው የበጎ አድራጎት ድርጅትም፤ ለችግረኞች መርጃ ያገኝበት የነበረውን ሀብት አጣ። ሊሰን ሸሽቶ በፍራንክፈርት ተያዘና በሲንጋፖር የስድስት ዓመት ተኩል እሥራት ተፈረደበት።

ከዚህ በኋላ ዓለም አቀፍ ደንቦች ጠበቅ እያሉ ሄዱ። በ1988 የባዝል ኮሚቴ ባንኮች ለሚሰጡት ብድር እንደ ሥጋቱ መጠን ከ100 እጅ 8 የራሳቸውን ካፒታል እንዲይዙ ወስኖ ነበር፤ በ1996 ደግሞ ለገበያ ዋጋ መውጣትና መውረድም መጠባበቂያ እንዲያዝ ጨመረበት። ይሁን እንጂ ከካፒታሉም ከስሌቱም የሚቀድመው ደንብ ቀላል ነው፤ የሚነግደው ሌላ፤ የሚመዘግበው ሌላ፤ ወሰኑን የሚያበጀውም ሌላ ሰው ይሁን።

በመሥሪያ ቤት አንዱ ገንዘብ ሲይዝ ሌላው መዝገብ መያዙ፤ ሦስተኛውም መጥቶ መቍጠሩ፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ሥራ ማንዛዛት መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገሩ ግን በሰው ላይ ክፉ ማሰብ አይደለም፤ ሐቀኛውን ሠራተኛ ከሐሜት፤ ደካማውንም ከፈተና የሚጠብቅ አጥር ነው። አባቶች «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ። በባሪንግስ ስንጥሩን ያዩ ተቈጣጣሪዎች ነበሩ፤ የጠፋው ቃላቸውን ሰምቶ የሚያወጣው ሰው ነው። እንግዲህ ነገ የመሥሪያ ቤት ኀላፊነት የሚረከቡ አንባብያን፤ ከበታቻቸው ያለው መዝገብ ያዥ «ይህ ሒሳብ አልገጠመልኝም» ባለ ጊዜ፤ ትርፉ የቱንም ያህል ቢያስደስት፤ ሥራውን አቁመው መዝገቡን ያስመርምሩ።