የሠጋ ልጅ ሰነፍ አይደለም

በጎንደር ከተማ በፒያሳ መንገድ ላይ የመኪና ጎማ በድንገት ቢፈነዳ፥ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ደንግጦ ዘወር ይላል። ብዙዎች የጎማ ድምፅ መሆኑን ዐውቀው ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ይመለሳሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ከተስፋፋው ግጭት ወዲህ የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ግን ልቡ ሳይመለስለት ሊውል ይችላል። በትምህርት ቤት የተነገረውን ቢረሳ፥ ወይም በትንሽ ነገር ቢቆጣ፥ ሰነፍ ወይም ባለጌ ነው ከማለታችን በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባናል።

ማስተዋልና ራስን መግዛት በአመዛኙ የሚመሩት ከግንባር አጥንት በስተኋላ ባለው በአንጎል ፊተኛ ክፍል ነው። ይህ ክፍል የተሰማውን ትእዛዝ ለጊዜው ይይዛል፤ የማያስፈልገውን ድምፅ ይለያል፤ ምላስንና እጅንም ይገታል። ወደ ውስጥ ዝቅ ብላ የምትገኘው አሚግዳላ የተባለች ትንሽ ክፍል ደግሞ አደጋን ትጠባበቃለች። እርስዋ አደጋ መኖሩን ስታስታውቅ፥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫሉ፤ በአንጎልም ውስጥ ኖራድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል። ይኸውም በልክ ሲሆን ያነቃል፤ ሲበዛ ግን ፊተኛውን ክፍል ያደክማል። ያን ጊዜ ዐይንና ጆሮ አደጋን ብቻ ይፈልጋሉ፤ የራስም ልጓም ይላላል። ለመሸሽ የተዘጋጀ አካል ሒሳብ ለመሥራት አይመችምና።

ዬርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ አይጦች ከባድ ነገር በሚማሩበት ጊዜ ብርቱ ቅጣት ትምህርታቸውን እንደሚያዘገየው አሳይተዋል። እንግዲህ በሠጋ ልጅ ላይ መጮኽና አለንጋ ማንሣት ሥጋቱን ከማባባስ በቀር ዕውቀት አይጨምርለትም።

ስለዚህ መምህራንና ወላጆች የሚከተለውን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን፤

1ኛ/ ትእዛዝ በአጭሩ፥ አንድ በአንድ ይነገር፤ በሰሌዳም ላይ ይጻፍ።

2ኛ/ ልጁ ሲደነግጥ አየር በቀስታ ስቦ፥ ከሳበበት ጊዜ አስረዝሞ እንዲያወጣ ይለማመድ፤ የልብ ምት ይረጋጋልና።

3ኛ/ የመኝታ ሰዓት ይከበር። ጭንቀት ያለበት ዐዋቂም ከአቦል አልፎ ቶናና በረካ አይደጋግም፤ ብዙ ቡና እንቅልፍን ያባርራል፥ ጭንቀትንም ያባብሳል።

4ኛ/ ሥጋቱ ለሳምንታት ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፥ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ በተቋቋመው በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

የሠጋውን ልጅ አስቀድመን እናረጋጋው፤ ትምህርቱም ምክሩም የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።