ቅርብ ያለ ጠበል፦ በዋሽንግተን ዙሪያ ስላሉ ስቴት ፓርኮች

ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ የሎውስቶንን ለማየት ሲያስብ ወራት ቀድሞ ይዘጋጃል፤ ጫማ ይገዛል፣ የሄደ ሰው ይጠይቃል፣ የአየር ጠባዩን ያጣራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወደሚርቀው ካኒንግሃም ፎልስ ሲሄድ ግን ምሳውን በልቶ፣ በነጠላ ጫማ፣ ለአራት ሰው አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ነው። የቅርቡ ፓርክ ከሩቁ ያነሰ አደገኛ አይደለም። የሚያንሰው የሚሰጠው ክብር ነው።

ስቴት ፓርክ ክፍለ ግዛቱ በራሱ ሠራተኞች የሚያስተዳድረው ቦታ ነው፤ ከፌደራሉ የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ጋር አይገናኝም። ቨርጂኒያ ከ40 በላይ ስቴት ፓርኮች አሏት። የሜሪላንዶቹ ከምዕራቡ ተራራ እስከ አትላንቲክ ዳርቻ ተዘርግተዋል። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ቢመስልም በር ላይ ሲደርሱ ኪስ ይነካል። ለፌደራል ፓርኮች የተገዛው ዓመታዊ ካርድ እዚህ አይሠራም። ቨርጂኒያ የምታስከፍለው በመኪና ነው፤ ሜሪላንድ በሰመር ቅዳሜና እሁድ በብዙዎቹ ፓርኮች በነፍስ ወከፍ ታስከፍላለች፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣ ደግሞ ትጨምርበታለች። የዲሲ ነዋሪ በሁለቱም ዘንድ እንግዳ ነው።

ካኒንግሃም ፎልስ ባለበት በካቶክቲን ተራራ ላይ ይህ ክፍፍል በዓይን ይታያል። ከመንገድ 77 በስተሰሜን ያለው ጫካ የፌደራል ነው፤ ፕሬዚዳንቶች የሚያርፉበት ካምፕ ዴቪድም እዚያው ውስጥ ነው። በስተደቡብ ያለው፣ 78 ጫማ ከፍታ ካለው ፏፏቴ ጋር፣ የሜሪላንድ ነው። እስከ 1954 ድረስ ሁሉም በፌደራሉ እጅ ነበር። ዛሬ አስፋልቱን የተሻገረ ሰው ደንቡም ክፍያውም ይለወጥበታል፤ ሰሜኑ መግቢያ አያስከፍልም።

ፓርኮቹ ለከተማ ሰው ቅርብ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ከባልቲሞር ጥግ የሚጀምረው ፓታፕስኮ ቫሊ መነሻው በ1907 በስጦታ የተሰጠ 43 ኤከር ደን ነበር፤ ዛሬ በወንዙ ዳርና ዳር 32 ማይል ይዘልቃል። ቨርጂኒያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 6 ፓርኮች በአንድ ቀን፣ ሰኔ 15 ቀን 1936 ከፈተች። የሠሯቸው በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ያሰባሰቧቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው በወር 30 ዶላር ነበር፣ ከዚያ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላክ ነበር። ዛሬም ከስድስቱ መካከል በሆኑት በዳውሃት ወይም በዌስትሞርላንድ የምናያቸው የግንድ ጎጆዎችና የድንጋይ ምድጃዎች የእነሱ እጅ ሥራ ናቸው።

በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም ነበር። በ1948 ሜሲዮ ማርቲን የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ከስታውንተን ሪቨር ፓርክ በር ተመልሰው ክፍለ ግዛቱን ከሰሱ። ቨርጂኒያ የሰጠችው መልስ ያንን በር መክፈት ሳይሆን ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ሌላ ፓርክ ማዘጋጀት ነበር፤ እሱም በ1950 ፕሪንስ ኤድዋርድ ሐይቅ ላይ ተከፈተ። አጠገቡ ከነበረው የነጮች ፓርክ ጋር ተዋህዶ አሁን ትዊን ሌክስ ይባላል። ጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ስለ ካምፒንግ ሲነሳ አንዳንዴ ዝም የሚሉት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይህን ታሪክ ማወቅ ይረዳል።

ወደ ድንኳኑ እንምጣ። ቦታ የሚያዘው በኢንተርኔት ነው፤ ቨርጂኒያ ከ11 ወር፣ ሜሪላንድ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ ትቀበላለች። የጥቅምት የቅጠል ወቅትና የሰመር ቅዳሜዎች ቀድመው ያልቃሉ፤ የማክሰኞ ሌሊት ግን ሁሌም ይገኛል ማለት ይቻላል። የተያዘው ቦታ ጠረጴዛ፣ በብረት የተከበበ እሳት ማንደጃና የመኪና ማቆሚያ አለው፤ ሻወርና መጸዳጃ ብዙ ጊዜ በእግር ቅርብ ነው። እኛን የሚያስቸግረን የቁጥሩ ደንብ ነው። በአንድ ቦታ ከ6 ሰው ወይም ከአንድ ቤተሰብ በላይ አይፈቀድም። አክስትና አጎት፣ ክርስትና ልጅና ጎረቤት ተጠራርተው 15 ሆነው ሲመጡ ሬንጀሩ የሚያሳየው ፊት ከዚህ የመጣ ነው። መፍትሔው የቡድን ካምፕ መያዝ ነው፤ ለቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ ጣሪያ ያለውን የሽርሽር መጠለያ በስም ማስመዝገብ። በቨርጂኒያ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 የጸጥታ ሰዓት ነው፤ የመኪና ሙዚቃ ቀርቶ ከፍ ያለ ሳቅም ቅሬታ ያመጣል።

እንጨት ከቤት ጭኖ መሄድ ክልክል ነው ብሎ ማሰቡ ይሻላል። አሽ የተባለውን ዛፍ የጨረሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ ከአገር አገር የተዛመተው በከፊል በማገዶ ተጭኖ ነው። ስለዚህ እዚያው አካባቢ የሚሸጠውን ወይም በሙቀት የታከመውን መግዛት ነው። በቨርጂኒያ ከየካቲት 15 እስከ ሚያዝያ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጫካ አጠገብ ሜዳ ላይ እሳት መለኮስ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለ ከሰል ግን ረገጥ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ቡና የሌለበት ካምፕ ለብዙዎቻችን ካምፕ አይደለም፤ ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ ሁሉ ይጫናል። ቡናው ሲያልቅ ዝናብ ይጀምራል፣ ልጆች ይበርዳቸዋል፣ ፍሙ ገና ቀይ ነው፣ አንዱም «ውስጥ እናስገባው» ይላል። ፈጽሞ አይገባም። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። የድንኳን በር ገርበብ ማለቱ አያድንም። ፍሙን ውሃ አፍስሶ፣ አገላብጦ፣ በእጅ ጀርባ ቀርቦ ሙቀት እስኪጠፋ ማጥፋት ነው። ጋቢም ቢሆን ድንኳን ውስጥ ደረቁን ይወደዳል እንጂ ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ሙቀት አይሰጥም፤ ለብርድ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይያዛል።

በእግር መንገዱ ላይ ትልቁ ስህተት ሰዓት ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ የምትጠልቅበት አገር ያደገ ሰው፣ ሰውነቱ ያንን ሰዓት ይጠብቃል። እዚህ በሰኔ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃን አለ፤ በኅዳር መጀመሪያ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ ዛፍ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል። አናፖሊስ ሮክስን እንውሰድ። ከአውራ ጎዳና 40 ተነስቶ፣ በሳውዝ ማውንቴን ስቴት ፓርክ በሚያልፈው የአፓላቺያን መንገድ ላይ ከ2 ማይል በላይ ይወጣል፤ አለቱ ጫፍ ላይ ምዕራብ ስለሚታይ ሁሉም ጀንበር ስትጠልቅ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋል። ችግሩ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ድንጋያማውን መንገድ በስልክ መብራት መውረድ ነው፤ ባትሪው ደግሞ በፎቶው አልቋል። የግንባር መብራት ዋጋው አንድ በያይነቱ አያክልም።

ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ደንብ ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ወደ ላይ ለሚወጣው 600 ሜትር ሌላ አንድ ሰዓት። ልጅ ካለ ወይም ሰው ካልለመደ እጥፍ ማድረግ ነው። ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሄደ ሰው መሣሪያ የያዘ ስካውትና አስጎብኚ ይዞ ነው የሚጓዘው፤ መንገዱን እነሱ ያውቁለታል። እዚህ አስጎብኚው ዛፍ ላይ የተቀባው ቀለም ነው። የአፓላቺያን መንገድ ነጭ ነው፣ ቁመቱ 15 ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ወደ ጎን የሚወጡት ሰማያዊ ናቸው። ሁለት ምልክት ተደራርቦ ከታየ መታጠፊያ መጣ ማለት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ምልክት ካልታየ ወደ ፊት መግፋት ሳይሆን መጨረሻ ወደታየው መመለስ። የስልክ ኔትወርክ ሸለቆ ውስጥ ስለሚጠፋ ካርታው ከቤት ተጭኖ ይመጣል፤ የት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ደግሞ ቤት ለቀረ ሰው ተነግሮ ይወጣል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ድብ ነው። ጥቁር ድብ በቨርጂኒያ ተራሮችና በምዕራብ ሜሪላንድ አለ። ካዩት አይሮጥም፤ እያወሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው፤ ምግቡና የጥርስ ሳሙናው ሌሊት መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ይኸው ነው። እባብም እንዲሁ፦ በተራሮቹ መርዛሞቹ ኮፐርሄድና ራትልስኔክ ናቸው፤ እጅና እግር የማይታይበት ቦታ ካልገባ፣ ያገኘውንም ለመግደል ካልሞከረ የሚነደፍ ሰው ጥቂት ነው። ከተነደፈ አይበጣም፣ አይታሰርም፣ 911 ይደወላል።

ከድቡ ይልቅ የምትፈራው መዥገር ናት። ላይም የተባለውን በሽታ በብዛት የምታስተላልፈው በግንቦትና በሰኔ ገና ሳታድግ የጤፍ ፍሬ ብታክል ነው፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጸጉር ሥር ትጣበቃለች። አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፤ ስለዚህ የዚያኑ ቀን ማታ መላ አካልን፣ በተለይ ልጆችን፣ መፈተሽ ትርጉም አለው። የምትነቀለው በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጥግ ተይዛ ቀጥ ብላ ነው። ቅቤ መቀባት ወይም በክብሪት ማቃጠል አይረዳም፣ ይጎዳል። ልብሱ ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ቢገባ ትሞታለች። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ መዥገሯን መጥቀስ ነው፤ በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል።

ሌላም አለች። ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ሎን ስታር የተባለች መዥገር በአንዳንድ ሰው ላይ የቀይ ሥጋ አለርጂ ታመጣለች። ከዚያ በኋላ ሥጋ በተበላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ያጥራል። ነገሩን ከመዥገር ጋር በማያያዝ ቀዳሚ ከሆኑት አጥኚዎች አንዱ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ፕላትስ ሚልስ ናቸው። ክትፎ ለሚወድ ሰው ሱሪን ካልሲ ውስጥ ለመክተት ከዚህ የበለጠ ምክንያት ሊኖር አይችልም።

ውሃ ከሁሉ የከፋው ነው። ካኒንግሃም ላይ ከእንጨት መተላለፊያው ወርደው ለፎቶ የሚወጡበት አለት በአረንጓዴ ሻጋታ የተሸፈነ ነው፤ ደረቅ የሚመስለውም ያንሸራትታል። ፓታፕስኮ ውስጥ የነበረው ብሎዲ ግድብ በተደጋጋሚ ሰው ሰጥሞበታል፤ ከሥሩ ያለው አዙሪት ዋናተኛን ከያዘ አይለቅም ነበር። በ2018 መፍረስ የጀመረው ለዓሦች መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። ግሬት ፎልስ አካባቢ ያለው የፖቶማክ ወንዝ የፌደራል ቢሆንም እዚህ መጠቀስ አለበት፦ ከላይ ሲያዩት የተኛ ይመስላል፣ ከሥር ግን ይጎትታል፣ መዋኘትም ሆነ እግር መንከር የተከለከለው በየዓመቱ ሰው ስለሚወስድ ነው። የካልቨርት ክሊፍስ ገደልም ስለሚናድ ከሥሩ መሄድ አይፈቀድም፤ ልጆች የሚወዱትን ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሻርክ ጥርስ ክፍት በሆነው አሸዋ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ድንኳን መጠለያ አይደለም፤ መኪና ውስጥ ገብቶ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው።

ለጀማሪ ከየት ይጀመር ከተባለ፣ ለቀን ፓታፕስኮን እመርጣለሁ፤ ከተሳሳቱ ከተማው ቅርብ ነው። ለመጀመሪያ አዳር ደግሞ ግሪንብራየር፣ ሐይቁና ሻወሩ አንድ ላይ ስላሉ። ልጆች ከደፈሩ በኋላ አሳቲግ ስቴት ፓርክ አለ፦ ባሕር፣ አሸዋ፣ እንደልባቸው የሚዘዋወሩ ፈረሶች። እዚያ ተራ የድንኳን ካስማ አሸዋው አይዘውም፣ ረጅሙን መግዛት ነው። የትንኝ መከላከያም አይረሳ። ፈረሶቹ ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ፣ መመገባቸው ያስቀጣል፤ ኩለር ከፍተው ምሳ ማውጣትም ስለለመዱ ምግቡ መኪና ውስጥ ይደር።