የደሴት ቤት ማደስና ማረፍ፦ ከዝዋይ ሐይቅ የተማርነው



የሴሚስተር ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር በየዶርሙ «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ግቢ ውስጥ ይቀራል፤ ቅርብ የሆነውም ሁለት ቀን ተኝቶ በሦስተኛው ይሰለቸዋል። እኛ አምስት ጓደኛሞች በአንዱ ዕረፍት አሮጌ የጭቃ ቤት ልናድስ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴት ሄደን ነበር። ቤቱ ዶርም የምንጋራው ጓደኛችን የሟች አያቱ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈስ፣ አንዱ ግድግዳው ወደ ውጭ ያዘነብል ነበር። ሌላ ክረምት ከመጣበት እንደሚወድቅ ልጁም እናቱም አውቀውታል።

ሥራውን በደንብ የምናውቅ መስሎን ሄደን ብዙ ነገር ተሳስተን ተመለስን። እንዲህ ያለ ጉዞ ለምታስቡ ሁሉ ይጠቅማል ብለን የተማርነውን በቅደም ተከተል ጽፈነዋል።

ለምን አባ ሳሙኤል አልሄድንም?

ከቂሊንጦም ሆነ ከአቃቂ ለሚነሳ ሰው ቅርቡ ሐይቅ አባ ሳሙኤል ነው። አባ ሳሙኤል በአቃቂ ወንዝ ላይ በተሠራ ግድብ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን፣ የኃይል ማመንጫው በአገራችን ከቀደምቶቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሥራ ጀምሯል። ለመዝናኛ ግን አይሆንም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዘው የሚገቡት እዚያው ነው፤ እንቦጭም ተንሰራፍቶበታል። በደጃችን ያለው ሐይቅ ለእጅ መታጠቢያ እንኳ የማያስደፍር የሆነው ከላይ ያለነው ሰዎች ቆሻሻችንን ስለለቀቅንበት ነው። ይህን ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደሴቱና ሰዎቹ

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነስታችሁ በዱከም፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በመቂ አድርጋችሁ ባቱ (ዝዋይ) ከተማ ትደርሳላችሁ፤ መንገዱ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሐይቁ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ ከአሥር ሜትር አያልፍም። የመቂና የቀጠር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ደግሞ ከእሱ ወጥቶ ወደ አብጃታ ይሄዳል። አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ትርጉሙም በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው።

የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛይ ይባላሉ። በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታዮች ሲሆኑ በዓሣ ማስገርና ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየከተሩ በማረስ ኖረዋል። ብዙዎቻችንን ያስገረመን ቋንቋቸው ነው። የዛይ ቋንቋ የቅርብ ዘመዶች ስልጥኛና ሐረሪ ናቸው። ከመካከላችን አንዱ የስልጤ ልጅ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ አልፎ አልፎ አንዳንድ ቃል እየያዘ ይስቅ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ብዙ ዛዮች ከደሴቶቹ ወጥተው በሐይቁ ዳርና በመቂና በዝዋይ ከተሞች ሰፍረዋል። ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ገበያውም ያለው በየብስ ነው። ወጣቱ ሲወጣ ቤቱ ይዘጋል፤ የተዘጋ የጭቃ ቤት ደግሞ ዕድሜ የለውም። የጓደኛችን የአያቱ ቤት ታሪክም ይኸው ነው።

ቤት የሚታደሰው ከላይ ወደ ታች ነው

መጀመሪያ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ መጨረሻ ወለል። ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳ የሚመርግ ሰው በሚቀጥለው ዝናብ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ቆርቆሮ ሲመታ ሚስማሩ የሚያርፈው በቆርቆሮው ከፍ ባለው ጎን ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ያረጀው ቤት የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። በቆርቆሮና በቆርቆሮ መካከል ያለው መደራረብ ቢያንስ አንድ ተኩል ቦይ ይሁን፤ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ እንዳይከፈት ሥራውን ከነፋሱ ተቃራኒ ጫፍ ጀምሩ። ስትገዙም የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ አትርሱ፤ 32 ጌጅ ከ28 የቀለለና የረከሰ ነው፣ ግን ለነፋሻማ ደሴት ይሳሳል። የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ቢል የጭቃ ቤት ዕድሜ ይረዝማል። ግድግዳን የሚበላው በቀጥታ የሚወርደው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከመሬት ነጥሮ እግሩን የሚመታው ጠብታም ነው። ስለዚህ በላይኛው በኩል ጎርፍ የሚያስቀይር ቦይ ቆፈርን፤ በግድግዳው ሥር ደግሞ ድንጋይ ደረደርን።

የበሰበሱትን ቋሚዎች ስንቀይር ከመካከላችን አንዱ ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባ አለ፤ ሰፈራችን እንዲህ ይደረጋል። የጓደኛችን አጎት ግን «ዘይቱ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?» ብለው ቁልቁል ሐይቁን አሳዩን። በእሳቸው ምክር ወደ መሬት የሚገባውን የእንጨት ጫፍ እስኪከስል በእሳት ለበለብነው። የከሰለ እንጨት ምስጥም ሆነ እርጥበት ቶሎ አይደፍረውም።

የሲሚንቶው ስህተት

ትልቁ ስህተታችን ግድግዳው ላይ ነበር። የምህንድስና ተማሪዎች ነንና ከቃሊቲ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ተሸክመን መጥተናል። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት አይተው «ልጆቼ፣ ይሄ ጭቃውን አይይዘውም» ቢሉንም አንዱን ግድግዳ ለስነን አሳየናቸው። በሦስተኛው ቀን ተሰነጣጠቀ፤ በእጅ ሲነካ እየተቀረፈ ወረደ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭቃ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ አብሮት አይንቀሳቀስም። በመካከላቸው የገባ እርጥበትም መውጫ ስለማያገኝ ጭቃውን ከውስጥ ያላላዋል። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ያው ጭቃ ነው።

የምርጊት ጭቃ አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚያጣብቅ አፈር በውሃ ይርሳል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለብዙ ቀናት፣ ቢቻል ለሁለት ሳምንት ይቦካል፤ በየመካከሉ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ግድግዳው ሲደርቅ የሚመጣውን መሰንጠቅ ይከፋፍለዋል፤ ሲቦካ ደግሞ እየላመ ጭቃውን ያጣብቀዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ሆኖ ማገሩን ይሸፍናል፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀጭኑ ልስን ይከተላል። ወለሉ በመጨረሻ በእበት ይለቀለቃል።

ሁለት ሳምንት! እኛ የያዝነው አምስት ቀን ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ነው በባዶ እጃችን ልንመለስ የተቃረብነው። አንድ አባት ግን የራሳቸውን ጎተራና ቤት ሊመርጉበት ያቦኩት ጭቃ ነበራቸው፤ «ውሰዱት፣ እኔ ሌላ አቦካለሁ» አሉን። በምላሹ አምስታችንም አንድ ሙሉ ቀን አፈር ስንቆፍር፣ ውሃ ስንቀዳና ጭቃ ስንረግጥ ዋልን፤ የወሰድነውን ያህልም አቡክተን ተውንላቸው። ደቦ የሚባለውን ነገር በቃል እናውቀው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባን ያን ቀን ነው። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ አንድ ሰው ቀድማችሁ ልካችሁ ቤቱን አሳዩ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ ጭቃውን ከመምጣታችሁ በፊት አስቦኩ፣ ከዚያ ብቻ ዕቃ ግዙ።

ውሃውን ስትነኩ

ዝዋይን በመሰሉ ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይወጣል፤ ከዚያ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ይበልጥ የሚገኘው ሣርና ቄጠማ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ለእኛ ይህ ከዋና የበለጠ ጉዳይ አለው፦ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርገው እጅና እግራችንን እየነከርን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሐይቁን ውሃ በክዳን ባላቸው ጀሪካኖች ቀድታችሁ ሁለት ቀን አስቀምጡት፤ ትሉ ከዚያ በላይ በሕይወት አይቆይም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ወይም ከባቱ ውሃ ይዛችሁ ተሻገሩ። ለመጠጥ የሚሆነው ግን የፈላ ብቻ ነው። ሳታስቡት ውሃው ውስጥ ከገባችሁ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ሕክምናው ቀላል ነው።

በሽታው የሚቀጥለው የታመመ ሰው ሽንት ወይም ሰገራ ወደ ውሃው ሲገባ ነው። በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናት በዲናችንም የተከለከለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የቆፈርነው ከውሃው ራቅ ያለ መጸዳጃ ቤት ነው። አባ ሳሙኤልን ያየ ሰው ሌላ ሐይቅ ላይ ያንኑ አይደግምም።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሳበት ጀልባ በጠዋት ተሳፈሩ፤ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳትለብሱም አትነሱ። ጉማሬ አመሻሽና ሌሊት ወደ ዳርቻ ስለሚወጣ በጨለማ ወደ ውሃ አትውረዱ። አካባቢው ወባማ ስለሆነ አጎበር ያዙ።

ሶላት፣ ምግብና ጉርብትና

ከግቢያችን ባቱ ድረስ ያለው ርቀት አብዛኞቹ ዑለማዎች ለመንገደኛ ሶላት ከሚያስቀምጡት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። የቆይታ ወሰኑ ግን በመዝሀብ ይለያያል፦ በሻፊዒይ ከመግቢያና ከመውጫ ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት የነየተ ሶላቱን ያሟላል፤ በሐነፊይ ወሰኑ አሥራ አምስት ቀን ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ቂብላው ከዚያ ሲታይ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያጋደለ፤ ወደ መጣንበት ወደ አቃቂ አቅጣጫ ዞረን እንሰግድ ነበር። የከብት እበት ጠሃራ መሆን አለመሆኑ ላይ ዑለማዎች ስለሚለያዩ፣ በደረቀው ወለል ላይ ንጹሕ መስገጃ ማንጠፍ ከጥርጣሬ ያወጣል።

ስለ ምግብ የነበረን ስጋት በቀላሉ ተፈታ። የሁዳዴ ጾም ገብቶ ስለነበር ጎረቤቶቻችን ሥጋ አያበስሉም፤ ሽሮውንና ምስሩን አብረን በላን። ቆሮሶ ስናገኝ ደግሞ ራሳችን ጠበስን፤ ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። እነሱ ጾመው ሲውሉ በደጃቸው ዓሣ መጥበስ ግን ነውር መስሎ ስለታየን ማዕድ እስኪቀርቡ እንጠብቅ ነበር። እነሱም ጭቃ እየረገጥን ሰዓቱን ስንረሳ «ስግደታችሁ አልደረሰም ወይ?» ይሉን ነበር።

ዕረፍቱ

«ታዲያ መቼ አረፋችሁ?» ትሉ ይሆናል። ከዐስር በኋላ ሥራ አቁመን፣ በእርከኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ መግሪብ እስኪገባ ሐይቁን እያየን ሻይ ስንጠጣ አረፍን። ስልክ የሚከፍት ሰው አልነበረም። ሙሉ ቀን የደከመ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚጥም ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን የጓደኛችን እናት በጀልባ መጡ። ከአባታቸው ቀብር ወዲህ እዚያ ቤት አድረው አያውቁም ነበር። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ሲሚንቶ ተለስኖ የተቀረፈውን ቦታ ሲያዩ ሳቁብን፤ ከዚያ ምድጃውን አንድደው ቡና አፈሉ። ያን ሌሊት እሳቸው ውስጥ፣ እኛ ውጭ በአጎበር ሥር አደርን።

ክረምቱ መጥቶ ሄዷል፤ ቤቱ አልሐምዱ ሊላህ ቆሟል። ልስኑ በየዓመቱ መታደስ ስለሚፈልግ በሚቀጥለው ዕረፍት ኢንሻአላህ እንመለሳለን፤ የዘንድሮው ጭቃም ቀድሞ ይቦካል። እናንተም ደሴት ባይኖራችሁ እንኳ በዶርማችሁ ውስጥ የአያቱ ቤት የሚያፈስ ጓደኛ አይጠፋም። በዚህ ዕረፍት ጠይቁት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።